መልስ፦ ያገለገለ ቤዝ ጊታር ስትገዛ መጀመሪያ አንገቱን እይ

ከፌንደር ቤዝ ጊታሮች ፕሪሲዥን ይሻላል ወይስ ጃዝ፣ ያገለገለ ስገዛስ ምኑን ልይ ላልከው፦

ከሞዴሉ በፊት አንገቱን እይ። አንዱን ክር በአንድ እጅህ መጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች የመጀመሪያው) ላይ፣ በሌላው መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫነው። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ከክሩ ሥር ትንሽ ክፍተት ካለች ጥሩ ነው። ክፍተቱ ከበዛ አንገቱ ጎብጧል ማለት ነው። ይሄ ብቻውን አያስፈራም፤ ትረስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ) ሲጠብቅ ይስተካከላል። ሻጩ "እሱን አትንካው" ካለህ ግን፣ እኔ ብሆን ትቼው ነው የምሄደው። የማይዞር ትረስ ሮድ ጣጣው ብዙ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ እየተጫንክ ክሩን ምታ። ቀጭኑ ክር ላይ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት ባለው ቦታ ድምፁ ቶሎ የሚጠፋባቸው ቤዞች ብዙ ናቸው፤ አትደንግጥ። የድምፅ ማስተካከያው ሲዞር ከተንኮሻኮሸ ብዙ ጊዜ ማጽጃ ይበቃዋል። ዋጋ ለማስቀነስ ግን አሪፍ ሰበብ ነው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው ፕሪሲዥን ድምፁ ወፍራም ነው፤ በባንድ መሃል አይዋጥም። በ1960 የመጣው ጃዝ አንገቱ ወደ ጭንቅላቱ ሲጠጋ ይቀጥናል። ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል) ስላለው ድምፁን እንደልብህ ትቀያይራለህ፤ አንዱን ብቻ ስትከፍት ግን ትንሽ እዝዝ ሊል ይችላል። ጣቶችህ አጫጭር ከሆኑ ጃዝን ሞክር።

አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ከሌለህ ደግሞ ለእሱም ብር አስቀር። ቤዝን በጊታር አምፕ ጮክ አድርጎ መጫወት ስፒከሩን ይበላዋል።