ድድሽ ቢደማም ብሩሹን እንዳትተዪ

እህቴ፣ «ስቦርሽ ድዴ ይደማል፤ እስኪሻለኝ መቦርሹን ልተወው? ጥርስ ማሳጠብስ ያነቃንቃል የሚባለው እውነት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም አልፌበታለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

መቦርሹን በፍጹም እንዳትተዪ። እኔ የተፋሁት አረፋ ቀላ ሲልብኝ የሚደማውን ቦታ እየዘለልኩ መቦርሽ ጀመርኩ። ባሰብኝ። ድድን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቆጣው ጠርዙ ላይ የተጠራቀመው ፕላክ ነው፤ ለስላሳ የባክቴሪያ ሽፋን። በጊዜ ካልተነሳ ከምራቅ ማዕድን እየወሰደ ይጠጥርና ታርታር ይሆናል። ያኔ ብሩሽ አያነሳውም። በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ጤነኛ ድድ የነበራቸው ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት አቆሙ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳነላቸው። አንቺም ገና እዚህ ደረጃ ላይ ከሆንሽ ይመለሳል።

እኔ ግን ዘግይቼ ነው የሄድኩት። ሐኪሟ ቀጭን መለኪያ በጥርስና በድዱ መሃል እያስገባች ቁጥር ትጠራለች፣ ረዳቷ ትጽፋለች። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት... መንጋጋዬ ጋ ስትደርስ ስድስት አለች። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው። የእኔ ድድ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ሠርቷል፤ ራጁ ላይም አጥንቱ ወርዷል። ሕመም ግን አንድም ቀን አልተሰማኝም! የጠፋ አጥንት ደግሞ እንደ ድድ ቁጣ በቀላሉ አይመለስም፤ የሕክምናው ዋና ሥራ ባለበት ማስቆም ነው።

ወደ ማሳጠቡ ልምጣ። ከታችኛው የፊት ጥርሶቼ ጀርባ የወጣውን አሳየችኝ፤ ጠጠር የመሰለ፣ ቡናማ። ከዚያ ምላሴ የማያውቀውን ክፍተት አገኘ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠዘጠዘኝ፣ ጥርሴም የረዘመ መሰለኝ። ሰው «አነቃነቁኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። እብጠቱ ሲጎድል ድዱ ዝቅ ይልና ሥሩ ይታያል። ጥርሱን ያላላው ቀድሞ የጠፋው አጥንት ነው፤ ታርታሩ አጣብቆ ይዞት ስለነበር አልታወቀም። የእኔ ጥዝጣዜ በጥቂት ሳምንት ለቀቀኝ።

ለስላሳ ብሩሽ ያዢ። ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርገሽ በቀን ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቦርሺ። የጥርሶችሽን መሃል ለመሃል በጥርስ ማጽጃ ክር አጽጂ፤ መጀመሪያ ቢደማም ቀጥዪ። ስኳር ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ለሐኪሙ ንገሪ፣ ሁለቱም ድድን ያባብሳሉ። የምታጨሺ ከሆነ ደግሞ ሲጋራ መድማቱን ስለሚደብቅ በመድማቱ ማነስ አትዘናጊ።

በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ ሂጂ። መግል ካየሽ ወይም ጥርስሽ ከተነቃነቀ ነገ ዛሬ አትበዪ። ስትሄጂም ኪሱን ለክተው ቁጥሩን እንዲነግሩሽ ጠይቂ።