ሊፍት ሥራውን ልተወው ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ መልእክትህን ሁለት ሦስት ግዜ አንብቤዋለሁ፣ የዘገየሁት በችኮላ ልመልስልህ ስላልፈለኩ ነው። ሌሎችም እንዲገባቸው ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። ኤሌክትሮ መካኒካል ሌቨል 4 ጨርሰህ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፈሃል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሊፍት የሚገጥምና የሚጠግን አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ በረዳትነት አራት ወር ሠርተሃል። ከሦስት ሳምንት በፊት አብሮህ የሚሠራው ልጅ ካቢኑ (ሰው የሚሳፈርበት ሳጥን) አናት ላይ ሆኖ እየሠራ ሌላ ሰው ሥራው ያለቀ መስሎት ማሽን ሩም (የሊፍቱ ሞተር ያለበት ክፍል) ወጥቶ ፓወሩን መለሰው፣ ሊፍቱ ተነሳና የልጁ እግር ካቢኑና ግድግዳው መሀል ገባ። አለቃህ "የራሱ ጥፋት ነው" ብሎ አሁን የሱን ቦታ ላንተ ሊሰጥህ ነው፣ ደሞዝ ይጨምራል፣ የጽሑፍ ውል ግን የለም። እናትህ ሙያውን እርግፍ አርገህ ተወው እያሉህ ነው፣ አጎትህ ደሞ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት (በሹካ እቃ የሚያነሳ መኪና) ላይ ሊያስገባህ ይችላል፣ "መሬት ላይ ያለ ሥራ ነው ምንም አይነካህም" ብሎሃል።

መጀመሪያ መልሴን ልንገርህና ከዛ ምክንያቱን እነግርሃለሁ። ሙያውን አትተወው። የልጁን ቦታ ግን አሁን ባለበት ሁኔታ አትቀበል፣ ደሞዙ እጥፍ ቢሆን እንኳን።

ለምን እንደዚ እንደምል ልንገርህ። ከብዙ ዓመት በፊት የትብብር ስልጠና አስተባባሪ ነበርኩ፣ ሰልጣኞችን ድርጅት እየመደብኩ ወረቀታቸው ላይ እፈርም ነበር። አንዱን ልጅ አንድ ሕንፃ ሥራ ላይ መደብኩት፣ ሳይቱን ግን ሄጄ አላየሁትም። አራተኛ ፎቅ ላይ ለሊፍት የተተወው ክፍት በር በኮምፔንሳቶ ብቻ ተሸፍኖ ነበር፣ በደንብ አልተመታም፣ ልጁ ከባድ እቃ ተሸክሞ ሲያልፍ ደከመውና ተደገፈው። ሁለት ፎቅ ወርዶ መወጣጫ እንጨት ያዘው እንጂ አይተርፍም ነበር። ዛሬም ወገቡን ያመዋል፣ ስንገናኝ እሱ ይስቃል እኔ ግን አልችልም። ከዛ ቀን ጀምሮ ሳይቱን በዓይኔ ሳላይ ማንንም ልጅ ልኬ አላውቅም፣ አንተንም በደሞዝ ቁጥር ብቻ ሂድ ልልህ አልችልም።

አሁን ወደ ጓደኛህ አደጋ እንምጣ፣ ምክንያቱም ምን እንደጎደለ በደንብ ካልገባህ ፍርሃቱ ብቻ ነው የሚተርፍህ። ሰው ሊፍት ሲባል የሚፈራው ገመድ ተበጥሶ ካቢኑ ሲወድቅ ነው። እሱ እኮ ከስንት ዘመን በፊት መፍትሔ ያገኘ ነገር ነው፣ ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሕዝብ ፊት ቆሞበት የነበረውን መድረክ ገመዱን አስቆርጦ ፍሬኑ እንደሚይዝ አሳይቷል። ዛሬ ደሞ ገመዱ አንድ አይደለም፣ ካቢኑ ከልክ በላይ ከፈጠነ ጋቨርነሩ (ፍጥነት የሚቆጣጠረው) ያውቅና ሴፍቲ ጊሩ (ካቢኑ ላይ ያለው የአደጋ ፍሬን) ሐዲዱን ነክሶ ያቆመዋል። ቴክኒሻን የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው፦ ክፍት ሻፍት (ሊፍቱ የሚወጣ የሚወርድበት ጉድጓድ) ውስጥ መውደቅ፣ ካቢንና ግድግዳ መሀል መግባት፣ በካውንተር ዌይት (በገመዱ ሌላ ጫፍ ካቢኑን የሚመዝነው ክብደት) መመታት፣ ኤሌክትሪክ።

ጓደኛህ ላይ የጎደሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ካቢኑ አናት ላይ ያለው ስቶፕ ስዊች ነው፣ ሰው እዛ ላይ ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ስቶፑን ይጫናል፣ ኢንስፔክሽን ሞድ (ሊፍቱ ከአናቱ ላይ ብቻ በቀስታ የሚታዘዝበት) ላይ ያደርገዋል፣ ከዛ በኋላ ነው እግሩን የሚያነሳው። ያ ተደርጎ ቢሆን ፓወር ቢመለስም ሊፍቱ አይንቀሳቀስም ነበር። ሁለተኛው ጓጉንቸር ነው። አዎ ተራ ጓጉንቸር። ዋናው ስዊች ጠፍቶ ይቆለፋል፣ ቁልፉ የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል፣ "ሰው አለ አትንካ" የሚል ጽሑፍ ይንጠለጠላል፣ ሁለት ሰው ከሆነ የሚሠራው ሁለት ጓጉንቸር ነው። ስልክ ደውሎ "ጨረስክ?" ማለት፣ በደረጃው ወደ ላይ መጮህ፣ ይሄ መቆለፍን አይተካም። አለቃህ "የራሱ ጥፋት" ሲል ጠይቀው፣ ጓጉንቸር ሰጥታችሁት ነበር ወይ? መቼ አሰለጠናችሁት? እንዲህ አድርግ የሚል የተጻፈ ነገር አለ ወይ?

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልህ፣ ይሄ ኮሌጅ ውስጥ በቸልታ ነው የሚታለፈው። ካውንተር ዌይቱ የሚመዝነው ካቢኑ ራሱ የሚመዝነውን ያህል ሲደመር ሊፍቱ ከሚይዘው ጭነት ግማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ባዶ ካቢን ፍሬኑ ሲለቀቅ ወደ ታች አይወርድም፣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። አናቱ ላይ የቆመ ሰው ደሞ ከላዩ ጣሪያ አለ። ይሄን ያላወቀ ረዳት መብራት ጠፍቶ የተዘጋባቸውን ሰዎች ላውጣ ብሎ ፍሬን ሲለቅ አቅጣጫውን ይስታል። እኛ ሀገር መብራት ሲጠፋ ጥበቃው ራሱ በሩን በቁልፍ ከፍቶ ሰው የሚጎትትበት ሕንፃ ስንት አለ፣ ካቢኑ ሁለት ፎቅ መሀል ቆሞ ከታቹ ሻፍቱ አፉን ከፍቶ፣ ሰው ሲዘል ወደኋላ ቢንሸራተት በቃ። ሊፍት ውስጥ የተዘጋበት ሰው በጣም ካልታመመ በስተቀር ውስጥ ቢቆይ ነው የሚሻለው፣ ይሄንን ለጥበቃዎቹ የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልጋል እኮ፣ ለዛም ነው ሙያውን አትተው የምልህ። አዲስ አበባ ወደ ላይ እየሄደች ነው፣ የንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻ 209 ሜትር ነው፣ የ40/60 ኮንዶሚኒየሞቹም ሊፍት አላቸው፣ እናቶችና አዛውንቶች ናቸው በየቀኑ የሚሳፈሩት። በደንብ የሚያውቀው ሰው ይብዛ ነው የምለው።

ደሞ ጃምፐር የምትሉት ነገር። በሩ ክፍት ሆኖ ሊፍቱ እንዲሄድ የበሩን ኮንታክት (በሩ መዘጋቱን ለሊፍቱ የሚነግረውን) በሽቦ ማገናኘት። ለምርመራ የሚደረግበት ግዜ አለ፣ ግን ሽቦው ተረስቶ ሲቀር በሩ ሳይዘጋ የሚሄድ ሊፍት ለሕዝብ አስረከብክ ማለት ነው። ያስገባኸውን ቆጥረህ ያወጣኸውን ቁጠር፣ ሽቦው በጣም ረጅምና ቀለሙ ደማቅ ይሁን።

የግንባታ ሳይት ላይ ሠራተኛ የሚያወጣውን ሆይስት ግን ከሕንፃ ሊፍት ጋር አንድ አድርገህ አትየው። በ2012 እ.ኤ.አ. ቻይና ዉሃን ውስጥ ለ12 ሰው የተፈቀደ ሆይስት ላይ 19 ሰው ተሳፍሮ ወደቀ፣ ሁሉም ሞቱ። በ2019 እ.ኤ.አ. እዛው ቻይና ሄንግሹይ 11 ሰው ሞተ፣ ምሰሶውን የሚያያይዙ ብሎኖች አልታሰሩም ነበር። ሁለቱንም ስታያቸው ሞተሩ ምንም አላጠፋም። ስለዚህ ሆይስት ላይ ስትወጣ ስንት ሰው ይይዛል የሚለውን አንብብ፣ ሞልቶ ካየኸው በደረጃ ውጣ፣ ፎርማኑ ቢጮህም።

የአጎትህን ሐሳብ አልንቅም፣ ለአንተ አስበው ነው። ግን "መሬት ላይ ያለ ምንም አይነካም" የሚለው ልክ አይደለም። ሁለት ቶን ተኩል የሚያነሳ ፎርክሊፍት ራሱ ባዶውን አራት ቶን ገደማ ይመዝናል፣ የሚዞረው በኋላ ጎማው ነው፣ ጭነቱን ከፍ አድርገህ ስትታጠፍ ይገለበጣል። ሲገለበጥ ደሞ ሰው በደመነፍስ ይዘላል፣ የሚገድለውም እሱ ነው፣ ጣሪያው ላዩ ላይ ያርፋል። ቀበቶ አስረህ መሪውን ጨብጠህ ከሚወድቅበት ተቃራኒ ማዘንበል ነው ያለብህ። ሹካው ላይ ሰው አቁሞ አምፖል ማስቀየር በየመጋዘኑ ታያለህ፣ እሺ እንዳትል። ፎርክሊፍቱን ከመረጥክም ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን የኦፕሬተር መንጃ ፈቃዱን በትክክል ተምረህ አውጣ፣ በሰው በኩል ገብተህ "እዛው ትለምደዋለህ" አይሠራም። ብቻ ፈርተህ አትሂድ፣ ምክንያቱም እዛም ያው ጥያቄ ነው የሚጠብቅህ፣ ማነው የሚያስተምርህ የሚለው።

ስለ ጓደኛህ ደሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ በሥራ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፣ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ወይ ሰክሮ ከገባ። ለዛ ነው ቅድም የተጻፈ መመሪያ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ ያልኩህ፣ ያልተሰጠ መመሪያ ተጣሰ ሊባል አይችልም። የሕክምና ወጪው አለ፣ ከሥራ በቀረበት ግዜ ለመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ለቀጣዩ ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዛ ለስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል፣ ቋሚ ጉዳት ከሆነ ደሞ ለብቻው ካሳ አለ። "ውል የለውም" ቢሉት አትደንግጡ፣ የጽሑፍ ውል አለመኖር መብቱን አያሳጣውም፣ ደሞዝ የተቀበለበት ማስረጃ፣ አብሮት የሠራ ሰው ምስክርነት፣ የሥራ ልብስ ለብሶ የተነሳው ፎቶ ሁሉ ይረዳል። የሐኪም ወረቀቶቹን ይያዝ፣ ክፍለ ከተማችሁ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ያመልክት፣ የክስ ግዜ ገደብ ስላለው አይዘግይ። አንተም ያየኸውን ዛሬውኑ ቀንና ሰዓት ጨምረህ ደብተርህ ላይ ጻፈው፣ ሰው ይረሳል፣ ደሞ ሰው ሲፈራ የበለጠ ይረሳል። እንደምትፈራ አውቃለሁ፣ ደሞዝህ እሱ እጅ ላይ ነው። ግን ያ ልጅ ያለአንተ ምስክር ላይኖረው ይችላል።

የራስህን ነገር እንዲህ አድርግ። አለቃህን ሰው በሌለበት ረጋ ብለህ አናግረው፣ በቁጣ አይደለም፣ "ጋሼ ቦታውን ደስ ይለኛል፣ ግን ጓጉንቸርና ሀርነስ (ከመውደቅ የሚይዝ ቀበቶ) ይገዛልኝ፣ ከሲኒየር ቴክኒሻን ጋር ሁለት ሆነን እንሥራ፣ ውል እንፈራረም፣ ጡረታዬም ይከፈል" በለው። የሙከራ ግዜ ላይ ነህ ካለህ፣ ሕጉ ላይ ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ አንተ አራት ወር ሠርተሃል። የሚያስብ ሰው ከሆነ ይሄ አደጋ እሱንም አስደንግጦታልና ሊሰማህ ይችላል፣ እንደዚ ዓይነት አሠሪ አይቻለሁ፣ ከአደጋ በኋላ ቤቱን ያስተካከለ። ከሳቀብህ ወይ "ፈሪ" ካለህ ግን መልሱን አግኝተሃል፣ ሌላ ቦታ እስክታገኝ ድረስ ረዳት ሆነህ ቆይ፣ ፓወሩ ካልተቆለፈ ግን ሻፍት ውስጥ አትግባ። አደገኛ መሆኑን አሳውቀኸው ካላስተካከለ ያለማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት ሕጉ ይሰጥሃል፣ ማሳወቅህን ግን በጽሑፍ አድርገው፣ በቴሌግራምም ቢሆን።

ጎን ለጎን ትልልቆቹን የሊፍት ብራንዶች ወኪል ሆነው የሚሠሩትን ድርጅቶች ሂድና በአካል ሲቪህን ስጥ፣ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች የራሳቸው የጥገና ክፍል አላቸው እዛም ሞክር። ኢንተርቪው ላይ "ስትጠግኑ ፓወሩን ማነው የሚቆልፈው?" ብለህ ጠይቅ። ጠያቂው ዓይኑ በርቶ ማስረዳት ከጀመረ ጥሩ ቤት ነው፣ ግራ ከገባው ደሞ አንተም ግባ ቢሉህ አስብበት።

እናትህን አትቆጣቸው፣ የልጁን እግር አይተው ነው የሚናገሩት። ሲሆን ሲሆን አንድ ቀን ጓጉንቸሩን ቤት ይዘህ ሂድና ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ሲሆን ማንም ሊያበራው እንደማይችል አሳያቸው። አለቃህን አናግረህ ምን እንዳለህ ጻፍልኝ፣ ውል ከሰጠህም ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አብረን እናነበዋለን።