«ማን እንዳነሳሽ ረሳሽ?»

ጥያቄ፦ 33 ዓመቴ ነው፤ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ከባሌ ተለያይቼ መውደቂያ ሳጣ አንድ የሰፈሬ ልጅ ቤዝመንቱን ሰጠኝ፣ ሊከር ስቶሩ ውስጥም ሥራ አስገባኝ። ማታ ማታ አብረን እንጠጣለን። ዐቢይ ጾም ሲገባ «ከእንግዲህ አቁሜያለሁ» ስለው ወይን ይዞ ወረደና «ማን እንዳነሳሽ ረሳሽ?» አለኝ። በቀደም «ኮሎሳል» የሚባል የጭራቅ ፊልም እያየሁ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሰው በጭራቅ ፊልም ያለቅሳል? እያበድኩ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ አላበድሽም። ስፔናዊው ናቾ ቪጋሎንዶ የሠራው ይህ የ2016 ፊልም ግማሹ ኮሜዲ፣ ግማሹ ከተማ የሚያፈርስ ግዙፍ ፍጡር ስለሆነ፣ ሊስቅ የተቀመጠ ሰው ሳያስበው ነው የሚነካው። አን ሃታዌይ የምትጫወታት ግሎሪያ በመጠጥ የተነሳ ኒውዮርክ ካለው የወዳጇ ቤት ተባርራ ወደ ትውልድ መንደሯ ትመለሳለች። በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 8፡05 ላይ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ውስጥ ስትቆም፣ ሴኡል ላይ ጭራቅ ይነሳል። እሷ ራሷን ስታክ እሱም ራሱን ያካል።

አንቺን ያስለቀሰሽ ግን ኦስካር ይመስለኛል። አብሮ አደጓ ነው፤ ቡና ቤቱ ውስጥ ሥራ ይሰጣታል። ባዶ ቤቷ ድረስ ቴሌቪዥን ይዞላት ሲመጣ፣ ማታ ተስማምተሽ ነበር ይላታል፤ እሷ ሰክራ ስለነበር ትዝ አይላትም። በማታስታውሰው ቃል ባለዕዳ ሆነች ማለት ነው። ልትሄድ ስትል ደግሞ ኦስካር እዚያው ቡና ቤቱ ውስጥ ትልቅ ርችት ይለኩሳል፤ ምንም ባደርግ ጥላኝ አትሄድም ብሎ ለማሳየት።

እኛ ዘንድ ውለታ ከባድ ነገር ነው። «ውለታ ቢስ» ከመባል ስንቱ መከራውን ዋጥ አድርጎ ይኖራል! እኔ ውለታን ከዕዳ የምለየው በአንድ ነገር ነው፦ የተረዳው ሰው ሲሻለው ረዳቱ ምን ይሆናል? ደስ የሚለው አለ። አንቺ ሲሻልሽ ጠርሙስ ይዞ የሚወርድም አለ። የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቼ ሰውየውን ክፉ ነው አልልም፤ ምናልባት ብቻውን መጠጣት ያስፈራው ይሆናል። ኦስካርም ቢሆን ራሱን የሚጠላ ምስኪን ነው። ግን ሕመሙ ስለገባሽ ማስታመሙ ያንቺ ሥራ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሴቶች የሚያዙት እዚህ ላይ ነው።

መጠጡን በተመለከተ፣ በየቀኑ ብዙ የምትጠጪ ከሆነ በአንድ ጊዜ አትቁረጪው። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ወይም ካላበሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። ደግሞም ከሰውየው መራቅ ብቻውን መጠጡን አያስተውሽም። ግሎሪያ ኦስካርን ካሸነፈች በኋላ ሴኡል ውስጥ አንድ ቡና ቤት ትገባለች፤ አስተናጋጇ መጠጥ ትፈልጊ እንደሆን ስትጠይቃት በረጅሙ ትተነፍሳለች። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል። ይሄን አጨራረስ በጣም ነው የምወደው።

እንጀራሽም መኝታሽም በአንድ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ «እወጣለሁ» ብለሽ አትንገሪው፤ መጀመሪያ ሌላ ሥራና ሌላ ክፍል ፈልጊ፣ ፓስፖርትሽንና ወረቀቶችሽን ጓደኛሽ ጋ አስቀምጪ። ውለታውን መካድ አያስፈልግሽም። «ስላደረግክልኝ አመሰግናለሁ፤ መጠጥ ግን አልጠጣም» ይበቃል፤ እሱንም በቀን፣ ሰው ባለበት። የምትፈሪው ከሆነ ግን ይህንንም ተዪውና የቤት ውስጥ ጥቃት ለሚደርስባቸው ሰዎች ወደተዘጋጀው የአሜሪካ የስልክ መስመር 1-800-799-7233 ደውለሽ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ መስመሩ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

አንድ ነገር ሳትጽፊልኝ ቀርተሻል፦ የቤዝመንቱ በር ከውስጥ ይቆለፋል? ካልተቆለፈ፣ ሌላውን ሁሉ አቆይተሽ ዛሬ ማታ የት እንደምታድሪ አስቢ።