ራውተርን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል?

ጥያቄ፦ የቤታችንን ራውተር የይለፍ ቃል ቀይሬያለሁ፤ ሆኖም በደኅንነት ክፍተት ምክንያት ከርቀት ሊጠለፍ እንደሚችል ሰማሁ። አጥፍቼ ባበራው ይበቃል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የይለፍ ቃሉን መቀየርዎ ተገቢ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተዛመተው ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር እጅግ ብዙ መሣሪያዎችን የተቆጣጠረው ከፋብሪካ የመጡ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነበርና። ክፍተቱ በራሱ በራውተሩ ፈርምዌር (መሣሪያውን በሚያሠራው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ውስጥ ሲሆን ግን ጥቃት አድራሹ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ሊገባ ስለሚችል፣ መድኃኒቱ አምራቹ የሚያወጣው ማሻሻያ ነው።

አጥፍቶ ማብራት በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ላይ ብቻ ያለውን ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ያጠፋል፤ ክፍተቱን ግን አይደፍነውም። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና ቢያንስ በ54 አገሮች 500 ሺህ ያህል መሣሪያዎችን የበከለው ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ደግሞ፣ የመጀመሪያ ክፍሉ ራውተሩ ጠፍቶ ከበራም በኋላ ይቀር ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለዎት ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ይመልሱት፤ ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል አብሮ ስለሚመለስ ወዲያውኑ ይቀይሩት፤ ከአምራቹ ድረ ገጽ ያገኙትን ማሻሻያ ይጫኑ። ከኢንተርኔት በኩል የሚደረገውን የርቀት አስተዳደርም ይዝጉት፤ ለአብዛኛው ቤተሰብ አያስፈልግም። አምራቹ ማሻሻያ ማውጣት ያቆመለትን ራውተር ግን፣ ምንም እንኳ በደንብ ቢሠራ፣ በአዲስ እንዲተኩት አጥብቄ እመክራለሁ።