ሥራዬ በዛ፤ ውሻዬን ለሌላ ሰው ብሰጥ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጥያቄዬ ምናልባት ያስቅዎት ይሆናል። አምስት ዓመት የሆነው ውሻ አለኝ። ከቡችላነቱ ጀምሬ ያሳደግሁት ነው፤ የምኖረውም ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ድሮ የምሠራው ግማሽ ቀን ስለነበር ችግር አልነበረብንም። አሁን ግን ኃላፊነት ተጨምሮብኝ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ነው የምገባው። ስመለስ በሩ ሥር ተኝቶ አገኘዋለሁ። ጠዋት ያስቀመጥኩለትን ምግብ የሚበላው እኔ ከገባሁ በኋላ ነው። ጎረቤቶች ደግሞ ቀን ላይ ይጮኻል ይላሉ። የሥራ ባልደረባዬ «ለሰው ስጪውና ተገላገዪ» አለችኝ። እናቴ በበኩሏ «ያሳደግሽውን ፍጥረት ልትጥዪው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ለሌላ ሰው ብሰጠው ኃጢአት ነው? ስለ ውሻ መጸለይስ ነውር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ኧረ በፍጹም አላሳቀኝም። እንዲያውም ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሰው ሌላውን እንዴት እንደሚያሸንፍ የሚጠይቁ ናቸው፤ ያንቺው መናገር ስለማይችል ፍጥረት ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

ከመጨረሻው ልጀምር። ስለ ውሻ መጸለይ ነውር አይደለም። ጌታ አንዲት ድንቢጥ እንኳ ያለ አብ ፈቃድ በምድር ላይ እንደማትወድቅ ነግሮናል። ስለ ድንቢጥ የሚያውቅ አምላክ ስለ ውሻሽ ብታወሪው አይደንቀውም። ጸልዪ።

ቃሉ ራሱ እንደሚከብድሽ ግን ይገባኛል። በእኛ ቋንቋ «ውሻ» ስድብ ነው፤ በመጽሐፍም ቢሆን ብዙ ጊዜ በበጎ አይነሳም። ሜምፊቦስቴ በዳዊት ፊት ራሱን ሲያዋርድ «የሞተ ውሻ» ነው ያለው። ቅዱስ ጳውሎስም «ከውሾች ተጠበቁ» ሲል ስለ ክፉ ሠራተኞች ነው የሚናገረው። በሌላ በኩል ደግሞ መጽሐፈ ጦቢትን ክፈቺ። ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ረጅም መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎት ይሄዳል፤ ሲመለሱም ከኋላቸው አለ። በታሪኩ ውስጥ አንዳች ነገር አይሠራም። አይናከስም፣ ሀብት አያገኝም፣ ማንንም አያድንም። ዝም ብሎ አብሮ ይሄዳል፤ መጽሐፉም ይህን ሳይጽፍ አላለፈም። እኔ ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን ደግሞ አስታውሺ። አንድ ድሀ ሰው ነበረ፤ ያለችው አንዲት ትንሽ በግ ብቻ ናት። ከልጆቹ ጋር አደገች፣ ከሚበላው በላች፣ ከዋንጫው ጠጣች፣ በብብቱ ተኛች፣ እንደ ልጁ ሆነችለት። ባለጠጋው ጎረቤቱ ይህችን በግ ወስዶ ለእንግዳው አረደ። ዳዊት ታሪኩን ሲሰማ «በግ ናት እኮ፣ ምን ያህል ነገር ነው?» አላለም። በቁጣ ነደደ። ናታን የንጉሡን ልብ ለመክፈት የመረጠው ታሪክ ሰው ለሚያሳድጋት እንስሳ ያለው ፍቅር ነው፤ ንጉሡም ወዲያው ገባው። እናም «ውሻ ነው እኮ» የሚልሽ ሰው ሲያጋጥምሽ አትፈሪ፤ የተያያዝሽው ነገር ሞኝነት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ውሻን በደንብ ለሚይዘው ሰው አሳልፎ መስጠት በራሱ ኃጢአት አይደለም። በቃ። ይህን በግልጽ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው መልሱን ፍለጋ ሦስት ገጽ ያነባል። ኃጢአት የሚሆነው አወጣጡ ነው። የቤት ውሻን መንገድ ላይ ለቆ መሄድ ጭካኔ ነው። ምግብ መፈለግ አያውቅም፣ መኪና አያውቅም፣ ሌሎች ውሾች ያሯሩጡታል፣ ክትባቱ ካለፈበት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ለሰውም ይተርፋል፤ ያ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። እንደዚሁ ቀኑን ሙሉ ዘግቶበት እያስለቀሱ «እኔ ግን አልጣልኩትም» ማለትም ጽድቅ አይደለም። እናትሽን አክብሪ፤ ግን መስጠትና መጣል አንድ እንዳልሆኑ በፍቅር ንገሪያት። በሰሎሞን ፊት የቆሙትን ሁለት ሴቶች ታውቂያቸዋለሽ። እውነተኛዋ እናት የታወቀችው «በሕይወት ይኑርና ለእሷ ስጧት» በማለቷ ነው። ልጅና ውሻ እኩል ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አለመልቀቅ ሁልጊዜ የፍቅር ምልክት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ግን ቆይ፤ ገና መስጠቱ ላይ አልደረስንም።

በመጽሐፈ ምሳሌ 12፥10 ላይ ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል የሚል ቃል አለ። በዕብራይስጡ የቆመው ቃል «ያውቃል» የሚል ነው። ጻድቅ የእንስሳውን ነፍስ ያውቃል። እኔ ይህ ቃል ላንቺ የተጻፈ ነው የሚመስለኝ። ባልደረባሽ ተገላገዪ ስትል ውሻውን አታውቀውም። እናትሽም አታውቀውም። አንቺ ራስሽ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ቀን ላይ ምን እንደሚሆን አታውቂም፤ የምታውቂው ማታ የምታዪውንና ጎረቤት የነገረሽን ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እወቂ። አሮጌ ስልክ ካለሽ ድምፅ ወይም ቪዲዮ እየቀዳ ቤት ትተሽው ውጪ። አንድ ቀን ብቻ አይበቃም፣ ሦስት አራት ቀን አድርጊው። አንቺ ከወጣሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጮኾ ከዚያ ይተኛል? ወይስ እየደጋገመ ቀኑን ሙሉ ያላዝናል? ልዩነቱ ሰፊ ነው። ያደገ ውሻ ከቀንና ከሌሊቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው፤ ስለዚህ በር ሥር ተኝቶ ማግኘትሽ ብቻውን ተሠቃየ ማለት አይደለም። ምግቡን ሳይነካ መዋሉ ግን ይታሰብበታል፤ ጭንቀት ያለበት ውሻ ብቻውን ሲሆን አይበላም። በሩን የሚቧጭር፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ፣ ለምዶ ሳለ ቤት ውስጥ የሚሸና ከሆነ ይህ መለየትን መፍራት ነው። ጥፋት አይደለም። እንዳትመቺው። በለዓም አህያውን ሦስት ጊዜ ሲመታ መልአኩ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ መንገዱ አልነበረም፤ «አህያህን ለምን መታህ?» ነው ያለው።

ሰዓቱን ደግሞ ቁጠሪው። ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 2 አሥራ ሦስት ሰዓት ነው። ጤነኛ የሆነ ትልቅ ውሻ ሽንቱን ሳይሸና ስድስት፣ ሰባት፣ ቢበዛ ስምንት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ አሥራ ሦስት ሰዓት ግን ለማንኛውም ውሻ እጅግ ይበዛል። ስለዚህ ቅጂው ጥሩ ዜና ቢያሰማሽም አሁን ያለው አያያዝ እንዳለ ሊቀጥል አይችልም። እዚህ ላይ ላባብልሽ አልፈልግም።

መፍትሔው ግን ወዲያው መስጠት አይደለም። ቀን ላይ አንድ ሰው መጥቶ ለግማሽ ሰዓት ቢያወጣው ነገሩ በግማሽ ይቀላል። ጡረታ የወጣ ጎረቤት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ጎረምሳ፣ ዘመድ፣ ማኅበርተኛ፤ ጠይቂ። እንዲያውም «ይጮኻል» ያለሽ ጎረቤት ቀን ቤት የሚውል ሰው ነው ማለት ነው፤ ከእሱ ጀምሪ። ሰው ለመጠየቅ ስለምናፍር እንጂ ቢጠየቅ የሚደሰት ብዙ ነው። ጠዋት ሠላሳ ደቂቃ ቀድመሽ ተነሥተሽ በደንብ አስኪጂው፤ የደከመ ውሻ ይተኛል። የእንስሳት ሐኪምም አሳዪው፤ አንዳንዴ ጭንቀት ያልነው ሕመም ይሆናል።

አለቃሽንም አናግሪ። ይህ ሰዓት ለሦስት ወር ነው ወይስ ለሁልጊዜ? ለሦስት ወር ከሆነ ዘመድ ጋር አስቀምጠሽው ትመልሺዋለሽ እንጂ የአምስት ዓመት ጓደኛሽን ለጊዜያዊ ነገር አትሰጪም። ለሁልጊዜ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ ነው። በዘፀአት ስለ ሰንበት የተጻፈውን ስታነቢ ዕረፍቱ ለሰውዬው ብቻ አይደለም፤ ከብቱም ተጽፏል። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ በሬህና አህያህ ያርፉ ዘንድ ይላል። የጌታውና የእንስሳው ዕረፍት አንድ ላይ ታስሯል። ያንቺ ውሻ ሲጨነቅ አንቺስ መቼ ነው የምታርፊው? ስለ ራስሽ አልጠየቅሽኝምና ብዙ አልገባበትም። ግን አሥራ ሦስት ሰዓት ለአንቺም አሥራ ሦስት ሰዓት ነው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ፤ ደስ የሚል አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም ውሻ ነበረኝ። ትምህርትና ሥራ ሲደራረብብኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሰው ሰጠሁት። ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ደግ ሰው ነው፤ ውሻ እንዴት እንደሚይዝ ግን አላውቅም ነበር። አልጠየቅኩም። ያልጠየቅኩትም ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ መልሱ ካልጣመኝ መልሼ መውሰድ ሊኖርብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነው። ከወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ ገብቼ አየሁት። ጓሮ ውስጥ በአጭር ገመድ ታስሯል፤ ዙሪያውን ያለው መሬት በእግሩ ተፍቆ ክብ ሠርቷል። አወቀኝ። እኔ ግን ከባለቤቱ ጋር ተጫውቼ ወጣሁ። «ልመልሰው» ለማለት አንድ ወር ፈጀብኝ፤ ያኔ ደግሞ ገመዱን በጥሶ ጠፍቷል አሉኝ። ንስሐ የገባሁት ስለሰጠሁት አልነበረም፤ ስላልጠየቅኩ ነው።

ሁሉንም ሞክረሽ፣ ሁለት ወር ያህል ጠብቀሽ፣ ካልሆነ እንግዲህ ስጪው። ግን እኔ እንደሰጠሁት አትስጪ። የሚወስደውን ሰው ቤት ሄደሽ እዪ። ቀን ማን ቤት ይውላል? ይታሰራል ወይስ ይፈታል? ለምን ፈለጉት? አምስት ዓመት ከሰው እግር ሥር የተኛን ውሻ ለጥበቃ ብቻ የሚፈልግ ሰው ክፉ ባይሆንም ለውሻሽ አይሆነውም ማለት ይቻላል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ልጆችን ለምዷል ወይ? ጌታ ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን እንዳለው፣ አንቺም ያለበትን ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ይጮኻል፣ ነጎድጓድ ይፈራል፣ ሰው ነክሶ የሚያውቅ ከሆነ ነክሷል። ውሻው እንዲወሰድልሽ ብለሽ መንከሱን ብትደብቂ፣ ነገ ልጅ ቢነክስ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለት አትችዪም። የክትባት ካርዱን አብረሽ ስጪ። በመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሙከራ ይሁን፤ ካልሆነላቸው ለሦስተኛ ሰው ሳያስተላልፉ ላንቺ እንዲመልሱልሽ ተስማሙ። ይህን መስማማት የማይፈልግ ሰው ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።

የሚተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቢው ስጪ፤ የለመደው ሽታ ያረጋጋዋል። ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር ይላሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደነግጣል፣ ምግብም ላይበላ ይችላል፣ በሳምንታት ውስጥ የቤቱን ሰዓት ይለምዳል፣ ቤቴ ነው ለማለት ወራት ይፈጅበታል። እንደ ሁሉም ነገር ከውሻ ውሻ ይለያያል። ይህን ለአዲሶቹ አሳዳጊዎች ንገሪያቸው፤ በሦስተኛው ቀን «አልተስማማንም» ብለው እንዳይደውሉልሽ።

አንቺም ታለቅሻለሽ። ማልቀስሽ ጥፋት ለመሥራትሽ ማስረጃ አይደለም። ልብሽ እየወቀሰሽ ከቀጠለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ትንሽ ነገር ነው ብለሽ አትለፊው።

ለጊዜው ግን ስልኩን ቅጂበት፤ ምን እንደሰማሽ ጻፊልኝ። ይህን ሁሉ ስትነግሪኝ የውሻሽን ስም ሳትነግሪኝ ቀረሽ እኮ።