1953 የሚለው ብቻ አይበቃም
«ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛሁት የአሜሪካዊው ደራሲ የሳሊንጀር ‹ዘጠኝ ታሪኮች› 1953 ይላል፤ የመጀመሪያው እትም ነው?» ላልከው፦ በዓመቱ ብቻ አይታወቅም። የቅጂ መብት ገጹን ግለጥ። «የመጀመሪያ እትም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሌለው፣ አይደለም።

ቀጥሎ የወረቀት ልባሱን የፊት እጥፋት እይ። ዋጋ ካልታተመበትና ጥጉም ካልተቆረጠ፣ የመጽሐፍ ክበብ እትም (ለክበቡ አባላት በርካሽ የታተመ) ሳይሆን አይቀርም። ልባሱን አውልቅና የኋላውን ጠንካራ ሽፋን ታችኛ ጥግ፣ በጀርባው አጥንት በኩል፣ በጣትህ ዳብሰው። ጎድጎድ ያለች ትንሽ ምልክት ካገኘህ አለቀ፣ የክበብ ነው። ታሪኮቹ ያው ናቸው፤ ልሽጠው ስትል ግን ዋጋው ዝቅ ያለ ነው።

ደግሞ የተቀደደ ልባስ በፕላስተር እንዳትለጥፍ! እኔ ለጥፌ፣ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይዞት ተላጠ።