ህንዶች ወደ ቀኝ ናቸው ወደ ግራ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ሲና ነው። ሰሞኑን ቡና እየጠጣን ከጓደኞቼ ጋር ክርክር ገጠምን። አንዱ «ይህን ሁሉ ቋንቋ የያዘ ትልቅ አገር በምርጫ አይተዳደርም፣ ይበታተናል» ይላል። እኔ ህንድን ጠቀስኩለት። «እሺ፣ ህንዶች ምንድን ናቸው? ቀኝ ናቸው ግራ? ደግሞስ አንድ ፓርቲ አይደል የሚገዛቸው?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። እስቲ ያግዙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ደብረ ብርሃን ስማር ሁለት ህንዳውያን መምህራን ነበሩን፤ አንዱ የሒሳብ፣ አንዱ የፊዚክስ። በእረፍት ሰዓት ሁለቱ ቆመው ሲያወሩ ጠጋ እንልና «ህንድኛ» ለመስማት ጆሯችንን እንሰጣለን። የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው። ግራ ገባንና አንድ ቀን የሒሳቡን መምህር ጠየቅነው። ጠመኔውን አነሳ፣ ስሙን በአገሩ በኬረላ ፊደል ጻፈው፤ ክብ ክብ የሚል ፊደል ነው። ከዚያ የፊዚክሱን መምህር ጠራው፣ እሱም ከሥር የራሱን ስም ጻፈ። የእሱ ደግሞ ከላይ መስመር ተሰምሮ ፊደሎቹ መስመሩ ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። አንዱ የሌላውን ማንበብ አይችልም።

ህንድኛ የሚባል ቋንቋ የለም። ሕገ መንግሥታቸው 22 ቋንቋዎችን በስም ይዘረዝራል። «ህንዶች ወደየት ያዘነብላሉ?» ስትል የምትጠይቀውም ልክ ያንኑ «ህንድኛ» ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) ከህንድ ግዛቶች አንዷ ኬረላ በ1957 ኮሚኒስቶችን በምርጫ ሥልጣን ላይ አወጣች። ምዕራብ ቤንጋልን ኮሚኒስቶች 34 ዓመት ገዙ፣ በ2011 በድምፅ ተሸነፉና አስረከቡ። ታሚል ናዱ በ1967 አገሪቱን ከነፃነት ጀምሮ ይገዛ የነበረውን የኮንግረስ ፓርቲ ጥላ ለአሥርት ዓመታት የራሷን ፓርቲዎች ስታፈራርቅ ኖረች። ወደ ሰሜን ሂንዲ ተናጋሪው አገር ስትሄድ ደግሞ የሂንዱ ብሔርተኛው ቢጄፒ ጠንካራ ነው።

ዴልሂን ብቻ ብትነግረው ጓደኛህን ታሳምነዋለህ። የዴልሂ ሕዝብ በ2019 ለማዕከላዊው ፓርላማ ሲመርጥ 7ቱንም መቀመጫ ለቢጄፒ ሰጠ። ዓመት ሳይሞላው፣ በ2020 መጀመሪያ ላይ፣ ለራሱ ምክር ቤት ሲመርጥ ግን ከ70 መቀመጫ 62ቱን አም አድሚ ለሚባል ሌላ ፓርቲ ሰጠ። ያው ሕዝብ ነው፣ ያው ሰፈር። ለአገሩ አንዱን፣ ለውሃና ለትምህርት ቤቱ ሌላውን መረጠ።

ሌላው የቁጥሩ ነገር ነው። የእነሱ ታችኛው ምክር ቤት 543 መቀመጫ አለው፣ የእኛው 547። አመራረጡም እንደኛው ነው፤ በየምርጫ ክልሉ ከሁሉ በላይ ድምፅ ያገኘው ይገባል። በ2019 ቢጄፒ 37 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ 303 መቀመጫ ያዘ። እና «ህንድ ሁሉ ቢጄፒ ነው» የሚልህን ሰው መቀመጫውን ሳይሆን ድምፁን ቁጠር በለው። በ2024 ደግሞ 642 ሚሊዮን ሰው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በ7 ዙር ወጥቶ መረጠ፣ ቢጄፒም ወደ 240 ወረደ። ለብቻው መንግሥት ለመመሥረት 272 ያስፈልገው ስለነበር የአንድራ ፕራዴሽና የቢሃር ፓርቲዎችን ደጅ ጠና።

ይበታተናል ለሚለው፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ኔህሩም ይህንኑ ይፈሩ ነበር። ግዛቶችን በቋንቋ ማካለል አልፈለጉም። በ1952 ፖቲ ሽሪራሙሉ የሚባል ሰው ለቴሉጉ ተናጋሪዎች ግዛት ይሰጥ ብሎ ምግብ አልቀምስም አለ፣ በዚያው ሞተ። አገር ታመሰ፤ በዓመቱ አንድራ ተመሠረተች፣ በ1956 ሌሎቹም በቋንቋ ተካለሉ። በ2014 ግን ቴላንጋና ከዚያችው ከአንድራ ተለየች፣ ቋንቋቸው አንድ ሆኖ ሳለ። በጀት፣ ውሃ፣ ሥራ፣ እሱ ነበር ነገሩ። የእነሱ ሕገ መንግሥት እንደኛው አንቀጽ 39 የመገንጠል መብት የለውም፣ ነገር ግን አዲስ ግዛት መፍጠር በተራ ሕግ ይቻላል። ዛሬ 28 ደርሰዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙውን ቁጣ ያስተነፈሰው ይህ ነው።

አልጋ በአልጋ ነው ብዬ ግን አልዋሽህም። ካሽሚር በ2019 ልዩ መብቷንም ግዛትነቷንም በአንድ ጊዜ አጣች፣ ሕዝቧን ማንም አልጠየቀውም። በማኒፑር ከ2023 ጀምሮ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተገዳድሏል። ይህ ያሳምመኛል፤ እኛም አገር ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንድራ ጋንዲም በ1975 አስቸኳይ ጊዜ አውጀው ተቃዋሚዎቻቸውን አሰሩ፣ ጋዜጣውን አፈኑ። በ1977 ግን ምርጫ ጠሩና የራሳቸውን መቀመጫ ሳይቀር ተሸነፉ፣ ወረዱም። የተኳቸው ተጣልተው ሲፈርሱ ደግሞ ያው ሕዝብ በ1980 እሳቸውኑ መልሶ መረጣቸው።